ብቸኝነትና በኢንተርኔት የሚጀመር ትውውቅ

ሰው ያለ ሰው መኖር አይችልም። ሲወለድ ሰው ይታቀፈዋል፤ ሲታመም ሰው ያስታምመዋል፤ ሲሞትም ሰው ይቀብረዋል። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» መባሉም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በሰው መካከል መዋልና ወዳጅ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብቻውን የሚኖር ሁሉ ብቸኛ አይደለም፤ በሕዝብ መካከል የሚመላለስ ሁሉም ወዳጅ አለው ማለት አይደለም። ብቸኝነት አንድ ሰው በሚመኘው ወዳጅነትና ባለው ወዳጅነት መካከል ሰፊ ልዩነት ሲኖር የሚሰማው ጉድለት ነው።

ይህ ጉድለት ዛሬ የመንግሥታት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጃፓን ደግሞ በ2021 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሰይመዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ ገልጿል፤ ችግሩ በተለይ በወጣቶች ላይ እንደሚበረታም አመልክቷል። ምክንያቱም ልዩ ልዩ ነው። ብዙ ሰዎች ለትምህርትና ለሥራ ሲሉ ከተወለዱበት ቀዬ ይርቃሉ። በታላላቅ ከተሞች በአንድ ፎቅ ላይ ለዓመታት የኖሩ ጎረቤታሞች ስማቸውን እንኳ ላይተዋወቁ ይችላሉ።

ብዙዎች ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚፈልጉት በኢንተርኔት ነው። ማች ዶት ኮም የተባለው የትውውቅ ድረ ገጽ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ በእጅ ስልክ የሚሠራው ቲንደር ደግሞ በ2012 ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው ፎቶግራፉንና ስለ ራሱ የጻፈውን አጭር መግለጫ ያቀርባል፤ ስልኩም በአቅራቢያው ያሉትን ሰዎች ምስል በየተራ ያሳየዋል። የወደደውን በጣቱ ወደ ቀኝ፣ ያልወደደውን ወደ ግራ ያንሸራትታል። ሁለቱም ከተዋደዱ መጻጻፍ ይጀምራሉ። በ2019 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳመለከተው፣ በአሜሪካ በ2017 ከተገናኙት የወንድና የሴት ጥንዶች መካከል ከ100 ውስጥ 39ኙ የተዋወቁት በኢንተርኔት ነው። ቀድሞ በወዳጅ ዘመድ ይፈጸም የነበረው የማስተዋወቅ ተግባር ወደ መሣሪያ ተላልፏል ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ከነጭራሹ ማውገዝ ትክክል አይደለም። በሥራ ብዛት የተወጠረ ሰው፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሽማግሌ፣ በባዕድ አገር የሚኖርና ቋንቋውን የሚያውቅለት አጋር የሚሻ ስደተኛ በዚህ መንገድ መልካም ወዳጅ ሊያገኝ ይችላል፤ ያገኙም አሉ። የቀድሞውም ልማድ እንከን አልነበረውም ሊባል አይችልም። በአገራችን ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ጋብቻ ሲፈጸም፣ የልጅቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። በራስ ምርጫ መተዋወቅ የሚናቅ መብት አይደለም።

ነገር ግን መተዋወቅ የወዳጅነት በር እንጂ ቤቱ አይደለም። የኢንተርኔት ትውውቅ ዋናው ጉድለትም ከዚህ ይጀምራል። አንደኛ፣ ሰውን በመልኩ ያስመዝናል። ምስልን ለሁለት ሰከንድ አይቶ የሚፈርድ ሰው ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ርኅራኄ፣ ስለ ቃል አክባሪነት የሚያውቀው ነገር የለም። አበው «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ያሉት ይህን ተገንዝበው ነው። ሁለተኛ፣ ምርጫው ማለቂያ የሌለው ስለሚመስል ልብ አይረጋም። ከአንዱ ጋር እየተነጋገረ የተሻለ ይመጣል ብሎ የሚጠባበቅ ሰው ከማንም ጋር አይቀራረብም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም»። ሦስተኛ፣ ድርጅቶቹ ገቢ የሚያገኙት ከተጠቃሚዎች ክፍያና ከማስታወቂያ ነው። አጋሩን አግኝቶ የሄደ ሰው ደንበኛነቱ ያበቃል፤ እየፈለገ የሚኖረው ግን መክፈሉን ይቀጥላል። ስለዚህ የድርጅቱ ጥቅምና የብቸኛው ሰው ጥቅም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማታለል ነው። በሐሰተኛ ስምና በሌላ ሰው ፎቶግራፍ እየቀረቡ፣ ፍቅርን አስመስለው ገንዘብ የሚዘርፉ አሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ በ2023 ብቻ ሰዎች በዚህ ዓይነት ማጭበርበር አጣን ብለው ያመለከቱት ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የተታለለው ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳው እምነቱን በማጣቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ወዳጅ ቢመጣ እንኳ በጥርጣሬ ይመለከተዋል።

ታዲያ መሣሪያውን የሚጠቀም ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? በመጀመሪያ ስለ ራሱ እውነቱን መናገር አለበት፤ በሐሰት የተገኘ ወዳጅ የሚወደው ያልነበረውን ሰው ነውና። መጻጻፉንም ከመጠን በላይ ሳያራዝም፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ፊት ለፊት መገናኘት፣ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ እንዲያውቀው ማድረግ፣ በዓይን ላላየው ሰው ገንዘብ አለመላክ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ግን ለጊዜ ጊዜ መስጠት አለበት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ የሰው ጠባይ የሚገለጠው በደስታም በችግርም አብሮ ሲዋል ነው።

በመጨረሻም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ብቸኝነት የፍቅር ጓደኛ በማጣት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ጎረቤቱን የማይጠይቅ፣ የታመመ የማይጎበኝ፣ ከእድርም ከማኅበርም የራቀ ሰው የልቡን ባዶነት ሁሉ በአንድ አፍቃሪ ሊሞላ ቢሞክር፣ በዚያ ሰው ትከሻ ላይ የማይቻል ሸክም ይጭናል። ወዳጅ የሚገኘው ወዳጅ በመሆን ነው። ስልክ ሁለት ሰዎችን ሊያስተዋውቅ ይችላል፤ መደማመጥን፣ መተዛዘንንና ታማኝነትን ግን ሊተካ አይችልም። እነዚህን ከልጅነቱ ጀምሮ በቤቱ፣ በመንደሩና በትምህርት ቤቱ የተለማመደ ወጣት፣ ትውውቁ በየትኛውም መንገድ ቢጀመር ወዳጅነትን መገንባት አይሳነውም።