ጥሩ ቀይ ወይን ጠጅ ከማሳ ይጀምራል

ከሀገር ውስጥ ቀይ ወይን ጠጆች ጥሩውን ለሚጠይቅ፣ የዝዋዩ ካስቴል ፋብሪካ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ «ሪፍት ቫሊ» በሚል ስም ለገበያ ያቀረባቸው ሜርሎ፣ ሲራ እና ካበርኔ ሶቪኞን ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። ምስጢሩ በርሜሉ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የራሱ የወይን እርሻ ስላለው ጠማቂው ከገረዛ እስከ ለቀማ ማሳውን ይከታተላል።

ይህ ለጣና ዙሪያ ወረዳዎች ትምህርት ነው። ወይን ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጓዦች የይፋግን የወይን ተክል በጽሑፋቸው አንስተዋል። ይሁን እንጂ ችግኝ ማደል ብቻውን ወይን ጠጅ አያስገኝም።

የቀይ ወይን ጠጅ ቀለም የሚወጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው፤ ጭማቂው የሚብላላውም ከነልጣጩ ነው። ዝናብ የሰነጠቀውን፣ ሻጋታ የነካውን ልጣጭ የትኛውም ጠማቂ አያድነውም። ስለዚህ ለቀማው በበጋ እንዲውል የገረዛው ወቅት መስተካከል አለበት። ውኃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ ለሩዝ እንጂ ለወይን አይስማማም፤ ውኃ የማይቋጥር ተዳፋት ይሻላል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የችግኝ ቁጥር በዕቅድ ከመያዛቸው በፊት ሁለት ነገር ያስቀድሙ፦ ከምርምር ማዕከላት ጋር በአነስተኛ ማሳ መሞከር፣ ከጠማቂ ጋር የግዢ ውል መፈራረም። ወይን ደህና ምርት እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ያን ያህል ጠብቆ ገዢ ያጣ አርሶ አደር ወይኑን ነቅሎ ጫት ቢተክል ሊወቀስ አይገባም።