ሶላሩ በስንት ዓመት ይመልሳል? ሒሳቡን ከመጨረሻዋ ዩኒት ጀምሩ

ከካባላጋላ ወደ ካንሳንጋ በጋባ መንገድ ስትወርዱ ጣሪያ ላይ የወጣው ፓኔል ከዓመት ዓመት ሲበዛ ታያላችሁ። ሻጮቹም ሱቅ ለሱቅ፣ ግቢ ለግቢ እየዞሩ ነው። የሚይዙት ወረቀት ላይ ያለው ሒሳብ ተመሳሳይ ነው፤ ለያካ በወር ይህን ያህል ትከፍላላችሁ፣ ሶላሩ ይህን ያህል ያድንላችኋል፣ በስምንት ዓመት ገንዘባችሁ ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ መብራት በነጻ። እኔ ሶላር ጠላት አይደለሁም። ይህ ሒሳብ ግን ለአብዛኛው ቤታችን አይሠራም ባይ ነኝ። የማይሠራውም በፓኔሉ ምክንያት ሳይሆን ዩኒቱን ባሰሉበት ዋጋ ምክንያት ነው።

ታሪፉን እናንሳ። የኡሜሜ የሃያ ዓመት ውል እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2025 አልቆ ሥራውን የመንግሥቱ ዩኢዲሲኤል ሲረከብ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ 756.2 ሽልንግ ሆነ። ሰው የሚያውቀው ይህን ቁጥር ነው። ዩኒቱ ሁሉ ግን በዚህ ዋጋ አይሸጥም። በየወሩ የመጀመሪያዎቹ 15 ዩኒቶች በ250 ሽልንግ ናቸው። ከ16 እስከ 80 ያሉት በ756.2 ይሸጣሉ። ከ81 እስከ 150 ያሉት ደግሞ ሰው ከሰል ትቶ በኤሌክትሪክ እንዲያበስል ተብሎ በ412 ሽልንግ ይሰጣሉ። ከ150 ሲያልፍ ወደ 756.2 ይመለሳል። በዚህ ላይ 18 በመቶ ቫት አለ። በወሩ መጀመሪያና በወሩ መጨረሻ በእኩል ብር ያካ ገዝታችሁ ዩኒቱ የሚለያይባችሁም ለዚህ ነው። (የ412ቱ ታሪፍ ለእኛ ምጣድ ታስቦ የወጣ ይመስላል፤ ያወጡት ሰዎች እንጀራ ሲጋገር ማየታቸውን ግን እንጃ።)

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ሶላር ስታስገቡ ከሒሳባችሁ ላይ የሚቀነሰው የትኛው ዩኒት ነው? የመጨረሻው ነው። ኮሜርስ የተማራችሁ የኅዳግ ወጪ የምትባለዋን ታስታውሳላችሁ፤ እሷው ናት።

በወር 150 ዩኒት የሚጨርስ ቤት እንውሰድ፤ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ምጣድ። ይህ ቤት ቫትን ጨምሮ 96,500 ሽልንግ ገደማ ይከፍላል። ሶላሩ በወር 70 ዩኒት ቢያድንለት ሻጩ 70ን በ756.2 አባዝቶ ቫት ይጨምርበትና «62,000 ሽልንግ ተረፈልሽ» ይላል። የተቀነሱት 70 ዩኒቶች ግን የ412ቱ ናቸው። እውነተኛው ትርፍ 34,000 ነው። ዕቃው ከነባትሪው፣ ከነኢንቨርተሩና ከነመግጠሚያው 6 ሚሊዮን ሽልንግ ነው ብንል፣ በሻጩ ሒሳብ በስምንት ዓመት፣ በእኔ ሒሳብ ወደ 15 ዓመት ገደማ ይመልሳል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ደህናው አሥር ዓመት ያህል ቢያገለግል ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይመለስ ሁለተኛ ባትሪ ትገዛላችሁ ማለት ነው።

ነጋዴ ደግሞ ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ ያው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውልስ? 34,000 በወር፣ በዓመት 408,000 ሽልንግ ይሆናል፤ ከ6 ሚሊዮኑ ሰባት በመቶ እንኳ አይሞላም። የኡጋንዳ መንግሥት የአሥር ዓመት ቦንድ በቅርብ ዓመታት ከ15 በመቶ በላይ ሲከፍል ነበር። ግብሩ ተቀንሶም እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በመጨረሻም ዋናው ገንዘብ ይመለሳል፤ ያለቀ ባትሪ ግን ምን ይመልሳል? ዕቃ አዙራችሁ የምትሸጡትማ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታዞሩት እናንተ ታውቃላችሁ። የእቁብ ዕጣ ወጥቶላችሁ በቀጥታ ጣሪያ ላይ ለመስቀል ያሰባችሁ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።

ታዲያ ሶላር ለማን ነው? መብራት ሲጠፋ ገንዘብ ለሚጠፋበት ሰው ነው። ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ሥጋ በፍሪዘር የሚይዝ ምግብ ቤት፣ ኮምፒውተር የሚያሠራ። እዚህ ላይ ሶላሩን ማወዳደር ያለባችሁ ከያካ ጋር ሳይሆን ከጄኔሬተር ጋር ነው። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር የሚያወጣው አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ዩኒት ያህል ነው። ሊትሩ 5,000 ሽልንግ አካባቢ ሲሆን አንድ ዩኒት ከ2,500 በላይ ወጣ ማለት ነው፤ ዘይቱ፣ ካንዴላው፣ የጎረቤት ንጭንጭ ሳይቆጠር። በወር 15 ቀን፣ በቀን ሁለት ሊትር የሚያቃጥል ሱቅ ለቤንዚን ብቻ 150,000 ያወጣል። ያ 6 ሚሊዮን በሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ይመለሳል። ይህን ዓይነት ሱቅ ያለው ሰው እስካሁን ካላስገባ ለምን እንደሚቆይ አይገባኝም።

በተቃራኒው መብራት እምብዛም የማይጠፋበት መስመር ላይ ያለ ሱቅ ሻጩ ከሚለው ያነሰ ነው የሚያተርፈው። የንግድ ታሪፉ በዚያው ለውጥ 546.4 ሽልንግ ነበር፤ ቫት የተመዘገበ ነጋዴ ደግሞ ቫቱን ያስቀንሳል። ስለዚህ ሻጩ 756 ብሎ ሲጽፍላችሁ እስክሪብቶውን ተቀበሉት።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ሁለት ወር ሙሉ መብራት የጠፋበትን ሰዓትና የመጣበትን ሰዓት፣ የቆመውን ሥራ፣ የተቃጠለውን ቤንዚን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ሻጭ የሚጠራው።

ምጣዱን ግን ከሶላሩ ሒሳብ አውጡት። ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል። ያንን የሚሸከም ኢንቨርተርና ባትሪ ሌላ ዋጋ ነው፤ በ412 ሽልንግ የሚጋገር እንጀራ እያለ ለዚህ ብሎ ባትሪ መግዛት ቅንጦት ነው። ባትሪ ስትገዙም ዓይነቱን ጠይቁ። ባለ 200 አምፒር የእርሳስ ባትሪ ወረቀቱ ላይ 2.4 ዩኒት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። ርካሽ የመሰለው ከሊቲየሙ ጋር ሲተያይ ያን ያህል ርካሽ አይደለም። ፓኔሉ ራሱ ከሁሉም ቀላሉ ወጪ ሆኗል፤ ቻይና ከሚፈለገው በላይ ስላመረተች ዋጋው ወርዷል። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት ያህል ፓኔል ያስገባችው በዚሁ ርካሽ ዋጋና በራሷ የመብራት ታሪፍ መናር ምክንያት ነው። እዚያ የመጨረሻዋ ዩኒት ውድ ናት። እዚህ ለመካከለኛ ቤት ርካሽ ናት።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ሶላር ላኩልን ሲሉም ጥያቄው ያው ነው። የኢትዮጵያ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ቢሆንም መነሻው በጣም ዝቅተኛ ነበር፤ ስለዚህ የከተማ ቤት ከታሪፍ በሚያድነው ገንዘብ ዋጋውን ይመልሳል ብላችሁ አትላኩ። መስመር ላልደረሰው ገጠር፣ በኩራዝና በባትሪ ድንጋይ ለሚያመሸው ቤት ግን አንዲት ትንሽ ፓኔልና ሦስት አምፖል ከማንኛውም ሒሳብ በላይ ናት።

አንድ ነገር ግን የእኔን ስሌት ይገለብጠዋል፤ የጋራ ቆጣሪ። አራት አምስት ቤት በአንድ ያካ በሚጠቀምበት ግቢ የ250ው 15 ዩኒት ለሁሉም አንዴ ነው የሚሰጠው፣ የ412ቱም እንደዚያው በፍጥነት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በ756.2 ነው። እዚህ የሻጩ ወረቀት ትክክል ይሆናል፤ ለተከራዩ ሳይሆን ለባለቤቱ። አከራያችሁ በራሱ የተመነው የዩኒት ዋጋ ከዚያም ከፍ ያለ ከሆነ ለእናንተም ሊያዋጣ ይችላል።

ብዙዎቻችን ተከራይ ነን፤ ጣሪያው የሰው ነው። ፓኔሉ፣ ኢንቨርተሩና ባትሪው የተከራዩ ንብረት መሆናቸውንና ሲወጣ ይዞት እንደሚሄድ፣ ለመግጠም የተበሳው ቆርቆሮ በዝናብ ወራት ቢያፈስ ማን እንደሚጠግነው በኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ። ግድግዳ ውስጥ የገባው ሽቦ አይነቀልም፤ እሱን ከመጀመሪያውኑ ከኪሳራ ቁጠሩት። ውላችሁ የስድስት ወር ብቻ ከሆነ ደግሞ ትልቁን ትታችሁ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ባትሪ ከአንድ ፓኔል ጋር ይበቃል፤ ለዋይፋይ፣ ለስልክና ለልጆች ማጥኛ መብራት።