እህትማማችነቱ እስከ ገበሬ ማኅበራት ይዝለቅ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶች ብሂል እውነትነቱ አያጠራጥርም። በሬ ገደል ሲገባ ደራሹ፣ ቤት ሲቃጠል ውኃ አቀባዩ፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ተካዩ ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤትም ያላየው የአሠራር ዘዴ ከሩቅ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ማኅበረሰቦች የሚመሠርቱት እህትማማችነት ለዚህ አንዱ መንገድ ነው።

የዚህ ግንኙነት መነሻ ድሎት ሳይሆን መከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን አውሮፕላኖች የተደበደበችው የእንግሊዟ የኮቨንትሪ ከተማ ሴቶች ከስምንት መቶ በላይ ስሞች የተጠለፉበት የጠረጴዛ ልብስ አዘጋጅተው፣ ካዋጡት ገንዘብ ጋር እንደ እነርሱው ከተማ ለፈራረሰችው ለስታሊንግራድ ላኩ። ሁለቱ ከተሞችም በ1944 እህትማማች ሆኑ። ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1950፣ የጀርመኗ ሉድቪግስቡርግና የፈረንሳይዋ ሞንቤልያር ተወዳጁ። ትናንት ጦር የተማዘዙ ሕዝቦች መቀራረብ የጀመሩት እንዲህ በየከተማቸው ነው።

ለገጠሩ ኅብረተሰብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአፍሪካ ምሳሌ ነው። ራይንላንድ ፋልስ የተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛትና ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዋዋሉ፣ ግንኙነቱ በቢሮ እንዳይታጠር ታስቦ ወረዳ ከወረዳ፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት በቀጥታ እንዲገናኝ ተደረገ። በ1994 ሩዋንዳን ያወደመው የዘር ፍጅት እንኳ ዝምድናውን አላጠፋውም፤ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። በዚያው በ1982 ማርልቦሮ የተባለች ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ጉንጁር ከምትባል የጋምቢያ የባሕር ዳርቻ መንደር ጋር ተወዳጀች። ወጣቶች ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ በቤተሰብ ውስጥ ተቀምጠው፣ አብረው በልተውና ሠርተው ተመልሰዋል። ፊርማ ይደበዝዛል፤ አብሮ የበላ ሰው ግን በቀላሉ አይረሳም።

በአገራችንም አክሱም እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካዋ ዴንቨር፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ2004 ከጀርመኗ ላይፕዚግና ከደቡብ ኮሪያዋ ቹንቼን ጋር ተዛምደዋል። ከቹንቼን ጋር ላለው ዝምድና መሠረቱ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የከፈለው መሥዋዕትነት ነው። እነዚህ ስምምነቶች ግን የተፈረሙት በከተሞች ስም ነው። ከከተማው ዳር አልፎ ያለው አራሽም የሚካፈልበት መንገድ ሊታሰብ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ዘጋቢ በተዘዋወረበት አንድ ቀበሌ ከባሕር ማዶ ወዳጆች የተሰጠ የውኃ መሳቢያ ሞተር ቆሞ አይቷል። የተበላሸው አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበረች፤ መለዋወጫዋ ግን በአቅራቢያው ከተማ አልተገኘችም። ሰጪዎቹ ምን ዓይነት ሞተር እንደሚሻል አልጠየቁም፤ ተቀባዮቹም አልተናገሩም። ሁለተኛውን ክረምት ሞተሩ በላስቲክ ተሸፍኖ ሲያሳልፍ፣ ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ መውረዳቸውን ቀጠሉ። ጥፋቱ የሁለቱም ወገን ነው። ስጦታው ቀደመ፤ መነጋገሩ ዘገየ።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ከወዲሁ ሊያስቡበት የሚገባው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ ጉዳዩ በጠቅላላ ስብሰባ ይቅረብ፤ ሴቶችና ወጣቶችም ይናገሩበት። ሁለተኛ፣ ከወዳጅ መንደር ጋር የሚሠራበት ነገር አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሁን። ዝርዝሩ የበዛ ደብዳቤ የሚጻጻፉትን ያታክታል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ሦስተኛ፣ ማናቸውም ዕቃ ከመምጣቱ በፊት ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫው የት ይገኛል፣ ነዳጁን ማን ይገዛል የሚለው ጥያቄ ይመለስ። አራተኛ፣ ገንዘብ ቢመጣ በማኅበሩ ስም ይቀመጥ እንጂ በሊቀ መንበሩም ሆነ በሌላ ግለሰብ ስም አይግባ፤ ገቢና ወጪውም በአባላት ፊት ይነበብ። አምስተኛ፣ የወረዳው አስተዳደር ከመነሻው ይወቀው። በተጨማሪም እንግዳ ሲመጣ በመሪው ቤት ብቻ አይስተናገድ፤ የተራውን አባል ጎጆና ማሳ ይይ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «እኛ ምን እንሰጣለን?» የሚለው መዘንጋት የለበትም። የኢትዮጵያ ገበሬ ባዶ እጁን አይደለም። በካሊፎርኒያ የገብስን ቅጠል ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ለማውጣት ያስቻለው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ለብዙ ትውልድ መርጦና ጠብቆ ያቆየው አራሹ ነው። የኮንሶ ሕዝብ የድንጋይ እርከንም እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድር ዋና መለያ ነው። አፈሩ የሚታጠብበት የውጭ አገር አራሽ ከኮንሶ ገበሬ የሚማረው ብዙ ነው።

ስለዚህም ለሩቅ ወዳጅ የሚጻፈው የመጀመሪያው ደብዳቤ በችግር ዝርዝር አይጀምር። ምን እንደምናመርት፣ ምን እንደምናውቅ፣ ምን መማር እንደምንሻ ይግለጽ። የእነርሱንም ኑሮ ይጠይቅ። ዘንድሮ የሚላክ ነገር ባይኖርም እንኳ ደብዳቤው ይመለስ፤ ዝምድና የሚጸናው በመጠያየቅ ነውና። የቅርቡ ጎረቤት እንደተከበረ ሆኖ የሩቁም ዘመድ ጠቃሚ የሚሆነው፣ የገበሬ ማኅበራት እንደ እኩያ ቀርበው ሲነጋገሩ ነው።