የደጀን ድንጋይና የኬሚስትሪ ምርምራችን



ስለ ኬሚስትሪ ሲነሳ እኛ ሙስሊም ተማሪዎች ጃቢር ኢብን ሐያንን ቶሎ እንጠራለን። ደስ ይላል፤ ግን ከ1,200 ዓመት በፊት የነበረ ሰው ስም የዛሬን ሥራ አይሠራልንም።

ሥራው ደጃችን ላይ ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ የጎጃም ደጋም ክፉኛ ተጎድቷል። መሬቱ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ሟሙቶ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረሱም አፈሩ ውስጥ ይታሰራል። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉን ሳይጠቅም ይቀራል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ደጀን ደግሞ፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የተረፈ የኖራ ድንጋይ አላት! ችግሩ በሄክታር ብዙ ኩንታል መፈለጉና ማጓጓዣው ነው። የትኛው ድንጋይ፣ ምን ያህል ደቅቆ፣ ለየትኛው ማሳ ስንት ኩንታል? ይህን መመለስ የኬሚስት ሥራ ነው።

የዩኒቨርሲቲያችን የኬሚስትሪ ምርምር ወደፊት ወዴት ይሂድ ከተባለ፣ ከዚህ ይጀምር እንላለን። በጆርናል መታተሙ መልካም ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ እንደነበርም ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትመርጡ የኬሚስትሪ ወንድሞችና እህቶች፣ አማካሪያችሁ ዘንድ የአፈር ናሙና ይዛችሁ ግቡ። የመፍጫውንና የማጓጓዣውን ጣጣ እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማረው እንውሰደው፣ ኢንሻአላህ።