ከንጣፉ ሥር

ተሳፋሪ ስለ ባቡር ሲያወራ የሚያነሳው ወንበሩንና መስኮቱን ነው። እኔ የተሽከርካሪ ወለል እየጠገንኩ የምተዳደር ነኝና ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በሩ ሥር ነው። ክረምት ከጫማና ከጃንጥላ የሚንጠባጠበው ውኃ በቪቴው ቀዳዳ ሰርጎ ይገባል። ንጣፉን ስንገልጠው ኮምፔርሳቶው እንደ ራሰ ደብተር ቅጠል በቅጠል ተላቆ፣ ጠርዙ አብጦ እናገኘዋለን። አውጥተን በሌላ ኮምፔርሳቶ እንተካለን፤ እሱም ይበሰብሳል።

ቀርከሃችንን እንሞክር እላለሁ። አንዱን በመጋዝ ቆርጣችሁ ግድግዳውን እዩት። ጠቆር ያሉት የቃጫ ነጠብጣቦች ወደ ውጭኛው ቆዳ ሲጠጉ ጥቅጥቅ፣ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ሳሳ ይላሉ። ነፋስ ሲያጎብጠው ጫናው የሚበረታው በውጭ በኩል ነውና ተክሉ ጉልበቱን እዚያው አኑሯል። ለባቡር ወለልም የሚበጀው እንዲሁ ነው፤ ላይና ታች ጠንካራ ገጽ፣ መሃሉ ቀላል። ችግሩ ቆዳው ሰም ስላለው ኮላ አለመቀበሉ ነው። መላጋት አለበት፤ መላጊያው ከጠለቀ ግን ምርጡ ክፍል ከሰጋቱራው ጋር ይጣላል። ይህ የእጅ ሙያ ነው፣ ሙያተኛም አለን።

የተክል ውጤትን ለወለል የተጠቀሙ ሌሎችም አሉ። ሲመንስ ለዋርሶ ሜትሮ በሠራቸው ኢንስፒሮ ባቡሮች ወለል ውስጥ ቡሽ አለ። የቡሽ ዛፉ ሳይቆረጥ ቅርፊቱ በየ9 ዓመቱ ይላጣል፤ አየር ያዘሉት ጥቃቅን ክፍሎቹም ንዝረትን ያበርዳሉ። ቻይናዎች ቀርከሃን ከእንጨት ጋር አጣብቀው የኮንቴነር ወለል ያደርጉታል፣ ፎርክሊፍት ይመላለስበታል። በአዊና በሲዳማ ደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ ግን ከአጥርና ከወንበር ብዙም አላለፈም።

የምፈራው እሳትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ ኮሪያ ዴጉ ከተማ አንድ ሰው ሜትሮ ውስጥ በለኮሰው እሳት 192 ሰዎች አልቀዋል፤ የባቡሩ የውስጥ ዕቃ ተቀጣጥሎ መርዛም ጭስ ተፍቷል። ቀርከሃ ይነዳል፣ ብዙው ማጣበቂያም እንዲሁ። በአውሮፓው ኢኤን 45545 መለኪያ ነበልባሉና ጭሱ ሳይፈተሽ ተሳፋሪ ሊቆምበት አይገባም። ነቀዝም ስለሚወደው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ መታከም አለበት።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ከቻይና በመጡ 41 ባቡሮች ሲጀምር ወለሉ አብሮ መጣ። መለወጫው እዚህ ሊሠራ ይችላል። ሙከራው ከጋራዥ ደፍ ይጀመር፦ አንድ የቀርከሃ ገበታና አንድ ኮምፔርሳቶ ጎን ለጎን ይነጠፉ፣ ሰኔ መግቢያና መስከረም ላይ ይመዘኑ። ውኃ ያልጠጣው ወደ እሳት ፍተሻው ይለፍ።