ስሙ የጠፋ ዘፈን

ዘፈን ፈላጊ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ነው?» ተብሎ ነው። እሱን ቢያውቅማ ምን ያንከራትተው ነበር! የሚያውቀው ሌላ ሌላውን ነው፤ ዜማውን፣ መሰንቆው የሚገባበትን ቦታ፣ ከግጥሙም አንድ ጎዶሎ ስንኝ።

እኔ የምፈልገውን ዘፈን የሰማሁት በልጅነቴ፣ ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሊማሊሞ ላይ ሾፌሩ መሪውን ሲጠመዝዝ ረዳቱ ካሴቱን ገለበጠው። ገደሉን ላለማየት በነጠላቸው የተሸፋፈኑ አንዲት እናት እዚያው ውስጥ ሆነው ያንጎራጉሩ ጀመር። ይህ ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ የዘፋኙ ስም ግን የለም።

ለዚህ ችግር ዘመኑ መላ አላጣም። ሻዛም የተባለው የስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሰማውን ቅጂ ካከማቸው ጋር እያመሳከረ ስሙን ይናገራል። ጉግልም ከ2020 ወዲህ አንጎራጉረን እንድንፈልግ ፈቅዷል። ሁለቱም ግን የሚያውቁት የተመዘገበላቸውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንዱን ትዝታ ስንቱ ድምፃዊ በየራሱ ግጥም ተጫውቶታል! ዜማውን ብቻ ቢሰማ ስልኩ የማን ነው ብሎ ይለየዋል?

ሰው ይሻላል። ዳባት ውስጥ ድሮ ካሴት ይሸጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ስሙን አልጠየቁኝም። «መሰንቆው ብቻውን ነው ወይስ ከኦርጋን ጋር? ሰርግ ቤት ይዘፈናል? ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውስ የቱ ነበር?» አሉኝ። ዘፈኑ ገና አልተገኘም፤ ከተጠርጣሪዎቹ ግን ሁለት ድምፃውያን ብቻ ቀርተዋል። ስም የጠፋበት ሰው ብዙ ነገር ያውቃል፤ የሚጎድለው እንዲህ አድርጎ የሚጠይቀው ነው።

ጥፋቱ የማስታወስ ችሎታችን ብቻ አይደለም። አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ስም ስለተጻፈባቸው ዛሬም ተፈልገው ይገኛሉ። እኛ ግን ከጎረቤት የቀዳነውን ካሴት «ቅልቅል ቁጥር 2» ብለን አስቀመጥነው። አሁንም ያው ነን፦ ሰርግ ላይ የተቀረጸ አዝማሪ ያለ ስም በቴሌግራም ይዞራል። ብሩን ግንባሩ ላይ የምንለጥፍለት ሰዎች ስሙን ብንጠይቀውና ከቪዲዮው ሥር ከነቦታው፣ ከነቀኑ ብንጽፈው ምን ይከብደናል? ከሃያ ዓመት በኋላ ያን ዜማ የሚፈልግ ልጅ አይጠፋም።