ማስኩን የምንጥለው እኛ፣ የሚከፍለው ሌላ

ኤን95 ማስክ ስንገዛ ዋጋው ላይ እንከራከራለን፤ ስንጥለው ግን ሒሳቡ የተዘጋ ይመስለናል። አልተዘጋም። ኢኮኖሚክስ ስማር፣ ከገዢና ከሻጭ ውጪ ያለ ሦስተኛ ሰው ላይ የሚወድቅ ወጪ እንዳለ ተምሬያለሁ። በሽተኛ ያስታመምንበት ማስክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቆሻሻችንን ከየደጃችን የሚያነሱት በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው። ማዳበሪያውን ከፍተው የሚሸጠውን ሃይላንድና ካርቶን በእጃቸው ይለያሉ። ማስኩ እንዲሁ ከሽንኩርት ልጣጩ ጋር ከተወረወረ፣ ቀድሞ የሚያገኘው የእነሱ እጅ ነው።

ፍርሃት እየነዛሁ አይደለም። እንደ ኮሮና ያሉ በሽታዎች በዋናነት የሚተላለፉት በትንፋሽ እንጂ ዕቃ በመንካት አይደለም። ቢሆንም በ2020 (እ.ኤ.አ) ላንሴት ማይክሮብ ላይ የወጣ የሆንግ ኮንግ ጥናት፣ የኮሮና ቫይረስን ቤተ ሙከራ ውስጥ በሰርጂካል ማስክ የውጪ ገጽ ላይ በሰባተኛው ቀንም አግኝቶታል። ቆሻሻችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ነው ከቤት የሚወጣው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማስኩን ስታወልቁ ፊት ለፊቱን አትንኩ። መጀመሪያ የታችኛውን ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ይዛችሁ አውልቁት። አገጭ ሥር ማውረድ፣ ኪስ ውስጥ መክተት የለም። ወዲያው ላስቲክ ውስጥ ጨምሩና አፉን ቋጥሩ፤ በሁለተኛ ላስቲክ ድገሙት። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ታጠቡ። የቋጠራችሁትን ከሃይላንዱ ለዩና ለሰብሳቢዋ «ይሄን እንዳትፈቺው» በሏት።

ማስኩ ውድ ስለሆነ አጥበው ወይም አልኮል ረጭተው ደግመው የሚያደርጉትም አሉ። ይሄ እኮ ቁጠባ አይደለም፣ ኪሳራ ነው። ኤን95 ጥቃቅን ነገሮችን የሚይዘው ክሮቹ ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ጭምር ነው፤ አልኮልና ሳሙና ያንን ያዳክሙታል። መልኩ ማስክ ነው፣ ሥራው ግን ቀርቷል።

ጉዳዩን ለግለሰብ ጥንቃቄ ብቻ መተው ግን ልክ አይመስለኝም። ሐኪም ቤት ውስጥ ተላላፊ ቆሻሻ በቢጫ ባልዲ ለብቻው ይጣላል፤ ቤት ውስጥ የታመመው ሰው ቫይረስም ያው ቫይረስ ነው። እኛ የጽዳት ክፍያ ከውኃ ቢላችን ጋር እንከፍላለን። ከዚያ ገንዘብ ላይ ለሰብሳቢዎቹ ጠንካራ ጓንትና ለእንዲህ ዓይነቱ ቆሻሻ የተለየ ማዳበሪያ መግዛት ቅንጦት አይደለም፤ የአገልግሎቱ ትክክለኛ ዋጋ አካል ነው።

ይሄ እስኪሆን ግን መቋጠሩ የእኛ ሥራ ነው። ለኮንዶሚኒየማችሁ የቴሌግራም ግሩፕም ንገሩልኝ።